ሚስቴን ከተማሪዬ ሰማኋት

ጥቅምት 3፣ 2018

አብሮኝ የሚያስተምረው ጋሽ ሙላቱ ለኩላሊቱ ሕክምና አዲስ አበባ ሄደ። መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ዮርዳኖስ ጠዋት ቢሮዋ ጠርታ፣ እሱ ሲከታተላቸው የነበሩትን መርሳ ላይ ታካሚ እያዩ የሚለማመዱ ኢንተርኖች ለእኔ ሰጠችኝ። ኣሪያምና ቢኒያም። «ቤትህ መርሳ ስለሆነ ይቀርብሃል» አለችኝ። እዚህ ወልድያ ሆስፒታል ያሉብኝ እንዳይበቁኝ።

የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ተማሪን ታካሚ ፊት ማስቀመጥ ቀላል ነው። ከባዱ ሲወጣ መቀበሉ ነው። ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ ማንን እንዳዩ፣ ምን እንደሰሙ፣ ምን ብለው እንደመለሱ ይነግሩኛል። እኔ ታካሚውን አላየውም። በእነሱ ጆሮ ነው የምሰማው።

ማታ። አዲስ ተማሪዎች እንደተሰጡኝ ለሚስቴ ለቡርቱካን ልነግራት ነበር። የሦስተኛ ክፍል ልጆቿን ፈተና እያረመች ነው። አፌን ከፈትኩና «እራት በላሽ?» አልኩ። «በላሁ» አለች። ከአምና ኅዳር ወዲህ ቤታችን ውስጥ የሚነገረው ይኸው ነው። በላሽ፣ በላሁ፣ መብራት ሄደ፣ መጣ። ልጃችን ሊዲያ በነበረች ጊዜ «እስቲ ትንሽ ዝም በይ» እያልናት ነበር የምንኖረው።

ስለ ተማሪዎቹ ሳልነግራት ቀረሁ። ምን ይጠቅማታል?

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

የመጀመሪያ ቀናችን። ቢኒያም የደሴ ልጅ ነው፣ ተናጋሪ፣ መልስ ከጥያቄው ይቀድመዋል። ኣሪያም የዚሁ የወልድያ ልጅ ናት፤ ከትግራይ የመጡት አባቷ መናኸሪያው አጠገብ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ አላቸው። ቀስ ብላ ነው የምታወራው። ቃል ስትመርጥ ጥፍሯን ታያለች።

ለሁሉም የምለውን አልኳቸው። ስም የለም። ቀበሌ የለም። ታካሚውን የምታውቁት ከመሰላችሁ እዚያው አቁሙና ንገሩኝ፣ ለሌላ እናስተላልፋለን።

«እርስዎ የሚያውቁት ሰው ቢሆንስ መምህር?» አለ ቢኒያም።

«እኔም አቆማለሁ።»

የኣሪያም ኬዝ ልጅ የሞተባት እናት ናት። ከመስከረም ጀምሮ ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለች። የክርስትና ስሟን ብቻ ነው የሰጠቻት። መጀመሪያ የጠየቀችው «የምነግርሽን ማን ይሰማል?» ብላ ነው። ኣሪያም «ከአስተማሪዬ ከጋሽ ሙላቱ በቀር ማንም አይሰማም፤ እሳቸውም ስምሽን አያውቁም» አለቻት። ሴትዮዋ «እሱ ከሆነ ደህና» ብላ ተቀመጠች።

አስተማሪው መለወጡን ለሴትዮዋ መንገር ያስፈልጋል። ኣሪያም ከወጣች በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ለሚቀጥለው ሐሙስ።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ኣሪያም የሴትዮዋን ቃል እንዳለ ይዛ መጣች። ማስታወስ ትችላለች ልጅቷ።

«ባሌ ክፉ ሰው አይደለም። በቀብሩ ዕለት ስጮህ ሴቶቹ ሊይዙኝ ሲሉ ‹ተዉአት፣ ታልቅስ፣ ማልቀስ ያስፈልጋታል› አላቸው። ልክ ነው፣ ያስፈልገኝ ነበር። ግን ሳለቅስ አየኝ እንጂ አብሮኝ አላለቀሰም።»

ስለ ሐዘን ብዙ ነገር አስረዳኋቸው። ጥሩ ትምህርት ነበር መሰለኝ፣ ቢኒያም ሁሉንም ጻፈ።

ስንቱ የተማረ ባል እንዲህ ነው።

የተማረ መሆኑን ኣሪያም አልተናገረችም። እኔ ነኝ የጨመርኩት።

ስለ አስተማሪ ለውጡ መናገር ዘነጋሁ። ሰዓቱ አለቀብን።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ቡርቱካን ዘግይታ ገባች። «ስብሰባ ነበረን» አለች። ዓይኗ አብጧል፤ ፊቷ ግን ቀለል ብሎታል። ለእኔም ሻይ ቀዳችልኝ፣ ሳልጠይቃት። ስለ ስብሰባው አልጠየቅኳትም። ሰው ሚስቱን አይመረምርም።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ከምን ልጀምር።

ኣሪያም እየነገረችኝ ሳለ ሳቅም እንባም ተናነቃት። «ልጅቷ ፓፓያ ማለት አይሆንላትም ነበር አሉ መምህር። ‹እማዬ፣ ጳጳስ ቁረጪልኝ› ነበር የምትለው። አንድ ቀን ቄሱ ቤት መጥተው ‹ትናንት ጳጳስ በላሁ› ብላቸው ቄሱ ደነገጡ። ሴትዮዋ ይህን ስትነግረኝ ሳቀች። ከልጇ ሞት ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው አለችኝ።»

ቄሱ ሲደነግጡ እኔም ነበርኩ። አጠገባቸው ተቀምጬ።

ኣሪያም ፊቴን አይታ አቋረጠች። «ልቀጥል መምህር?»

«ቀጥዪ» አልኳት።

ማታ። ሕጉን አውቀዋለሁ። የማስተምረው እኔ ነኝ። እጅ ማንሳት፣ «ይህችን ሴት አውቃታለሁ» ማለት፣ ለዮርዳኖስ መደወል። ይኸው ነው። ቀድሞስ አላወቅኳትም ነበር? ኣሪያም የቀብሩን ዕለት ስትነግረኝ? አላውቅም። መጠርጠር ሌላ ነው፣ ማወቅ ሌላ ነው።

ግን ከቡርቱካን አፍ ዓመት ሙሉ ያልሰማሁትን ዛሬ በአንድ ጊዜ ሰማሁት። መሳቋን ሰማሁ። የተራበ ሰው ሌማቱ የማን እንደሆነ አይጠይቅም። አሁን መኝታ ቤታችን ገብታ ተኝታለች፤ ስትገላበጥ አልጋው ይሰማኛል። ተነስቼ ሄጄ «ጳጳስ» ብላት ትስቃለች? እንዴት አወቅክ ትለኛለች።

በሚቀጥለው ሳምንት ለዮርዳኖስ እነግራታለሁ።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

አልነገርኳትም።

ዛሬ ደግሞ ለኣሪያም «ባሏን ይቅር ትለው እንደሆነ ጠይቂያት» አልኳት።

«ስለ ይቅርታ አላነሳችም እኮ መምህር። የታካሚውን ቃል ተከተሉ፣ አትቅደሙ ብለውን አልነበር?»

«አንዳንዴ መምራትም አለ» አልኳት። ጥፍሯን አየች። «እሺ» አለች።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

መልሱ መጣ። እንዳለ ልጻፈው፣ ሌላ ቦታ የማስቀምጥበት የለኝም።

«ይቅር የምለው ነገር ቢያደርግ እኮ ጥሩ ነበር። መንገዱን የዘጋው እሱ አይደለም። ወባውን ያመጣባት እሱ አይደለም። ልጄን ተሸክሞ ወልድያ ለመግባት ኬላ ለኬላ እየዞረ ሲለምን አይቼዋለሁ። ብቻ ከዚያ በኋላ፣ እኔ ልጄን ሳጣ እሱ ታካሚ አገኘ።»

ኣሪያም «ምን ማለት ነበረብኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። ውኃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ።

ኅዳር 7፣ እሑድ

የሊዲያ ሙት ዓመት። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከዋርካው ጀርባ። የቡርቱካን እናት እትዬ ወይንሸት ከውርጌሳ መጡ። የትምህርት ቤቷ መምህራን መጡ።

አለቀስኩ። እውነተኛ ልቅሶ ነበር፣ እግዜር ያውቃል። ቡርቱካንን ያዝኳትና «አብሬሽ ላለቅስ ነው የመጣሁት» አልኳት።

ልቅሶዋን አቆመች። ቀና ብላ ፊቴን አየችው። የገዛ ልብሷን ሌላ ሰው ለብሶት መንገድ ላይ እንዳገኘች ሁሉ።

ማታ እግሯን ላጥባት ስል «ተወው፣ ደክሞኛል» አለችኝ። በለሆሳስ ነው ያለችው። ቢሆንም እየቀረበችኝ ይመስለኛል።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ኣሪያም ቢኒያም እስኪወጣ ጠበቀች።

«የማክሰኞው ከብዶኛል መምህር። ሙት ዓመቱ ላይ ባሏ ‹አብሬሽ ላለቅስ› አላት። ‹ቃሌን ከአፌ ነጥቆ የወሰደው መሰለኝ› አለችኝ።»

«ደስ አላላትም?»

«ፈራች።»

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ነፍሰ ጡር ናት። ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። ለማንም አልነገረችም። ለባሏም። ‹ደስ ይለዋል፤ ደስ ካለው የሞተችውን ተክተናት እናልፋለን፤ እኔ ገና አላለፍኩም› አለች። ግን ልትነግረው ወስናለች። ‹በራሴ ቀን፣ በራሴ አፍ እነግረዋለሁ› አለችኝ። ይህን ስትል ቀና ብላ ነው። በጣም ደስ አለኝ መምህር። ጥሩ ነው አይደል?»

«ጥሩ ነው» አልኩ። «በጣም ጥሩ ሠርተሻል።»

የሆስፒታሉ ቧንቧ ጋ ሄጄ ፊቴን ታጠብኩ። አንድ አስታማሚ ሴትዮ «አይዞህ ወንድሜ፣ ማን ሞተብህ?» አሉኝ።

ልጅ ሊኖረኝ ነው።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ስለ ዛሬ።

ውኃ ከጠፋ ሰንብቷል፣ ከጎረቤት ጉድጓድ ነው የምንቀዳው። ቡርቱካን ጀሪካኑን ይዛ በበሩ ስትገባ ሮጬ ያዝኩላት።

«ተይ፣ አንቺ አሁን ከባድ አታንሺ።»

ጀሪካኑን ለቀቀችልኝ።

«አሁን ማለት?» አለች።

ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«አሁን ማለት ምን ማለት ነው አበባው?» አቤ ነው የምትለኝ። ሙሉ ስሜን ስትጠራው ከሠርጋችን ወዲህ አልሰማሁም።

«ቡርቱ...»

«ለአንድ ሰው ነው የነገርኩት። እናቴ እንኳ አታውቅም።» በሩን ተደገፈች። «ሙላቱ የት ነው ያለው?»

«አዲስ አበባ። ታሟል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥቅምት መጀመሪያ።»

«እና ያቺን ልጅ ሐሙስ ሐሙስ የሚሰማት ማነው?»

መዋሸት እችል ነበር። የሌላ ሰው ስም ምላሴ ላይ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ጣቶቿን አንድ በአንድ እያየች ነገሩን ወደ ኋላ ስታስበው ይታየኛል። ቀብሩን፣ ጳጳሱን፣ መቃብሩ ላይ ያልኳትን።

«‹ባልሽን ይቅር ትይዋለሽ ወይ› ያለችኝስ? አንተ ነህ የላክሃት?»

«አዎ።»

ራሷን ነቀነቀች፤ የልጆቹን ሒሳብ ስታርም እንደምትነቀንቀው። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ «ልነግርህ ነበር» አለች። «ለገና ልነግርህ ነበር።»

ኅዳር 15

ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ እናቷ ሄደች። ቦርሳዋን ልያዝላት አልኩ። አልሰጠችኝም።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ለኣሪያም ነገርኳት። ሌላ ሰው ሳይነግራት እኔው ልንገራት ብዬ። ቢኒያምን አስወጣሁት።

መጀመሪያ አልገባትም። «ሚስትዎ ታካሚ ናቸው?» አለች። ከዚያ ገባት። ነጭ ጋወኗን ለብሳ ነበር፤ እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ ቆመች።

«እኔ ቃል ገብቼላት ነበር መምህር።»

«አውቃለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።»

«የማን እንደሆነማ አውቃለሁ።» ድምጿ ተሰበረ። «በጦርነቱ ጊዜ እኛ ቤት ማንም አያወራም ነበር። አባቴ ‹ግድግዳም ጆሮ አለው› ይለን ነበር። አንዱ ሲመጣ በዚህ እንፈራለን፣ ሌላው ሲመጣ በዚያ። እናቴ ወንድሟ ሲሞት ትራስ ነክሳ ነው ያለቀሰችው። ይህን ትምህርት የመረጥኩት ሰው ሳይፈራ የሚያወራበት አንድ ክፍል፣ አንድ በር ያለው ክፍል አለ ብዬ ነው። ለሴትዮዋም እሱን ነው የነገርኳት።»

ወንበር ሳብኩላት። አልተቀመጠችም።

«‹በጣም ጥሩ ሠርተሻል› አሉኝ» አለች። «ባለፈው ሐሙስ።»

በሩን በቀስታ ዘግታ ወጣች። ያልኳት እውነት ነበር። ጥሩ ሠርታ ነበር።

ኅዳር 19

ዮርዳኖስ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች።

«ያን ቀን ብትደውልልኝ የአንድ ደቂቃ ነገር ነበር። ልጅቷን እኔ እወስዳት ነበር፣ ሚስትህም እንደታከመች ትቀጥል ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ከደወልኩልሽ ድምጿን አጣዋለሁ።»

ተማሪዎቹን ሁሉ ከእኔ ወሰደቻቸው። «ከእንግዲህ ኢንተርን አትይዝም። ለሚመለከተው አቀርበዋለሁ» አለች። ልክ ናት። ስወጣ «ወንድሜን እንደመቅበር ነው የሆነብኝ» አለች። እኔ ነኝ ያጽናናኋት።

ኅዳር 25

ኣሪያም ከዚያ ቀን ወዲህ ታካሚ ወደምታይበት ክፍል አልተመለሰችም አለኝ ቢኒያም። ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታው አጭር ነው። ጥያቄ አቁሟል።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ውርጌሳ ሄድኩ። እትዬ ወይንሸት ደጅ ላይ ማሽላ እያሰጡ ነበር። ተነስተው ሳሙኝ፣ በርጩማ አወጡልኝ፣ ወደ ቤት ግባ ግን አላሉኝም።

«ምን አደረግካት ልጄ? ስጠይቃት አትነግረኝም። መታሃት?»

«ኧረ እማዬ! እንዴት ብዬ?»

«ምታ አላልኩህም። ግን የተመታ ሰው የት እንደሚያመው ያሳያል። ይቺ አታሳየኝም። ሌሊት ትነሳለች፣ ‹ምነው?› ስላት ‹ምንም› ትለኛለች።» ማሽላውን በእጃቸው በተን በተን አደረጉት። «ነፍሰ ጡር መሆኗን እንኳ ሆዷን አይቼ ነው ያወቅኩት። እኔ እናቷ።»

«እርስዎ ይለምኑልኝ።»

«ያላወቅኩትን በደል እንዴት ብዬ እለምናለሁ?»

ቡርቱካን ወጣች። ጋቢ ደርባለች። ከእኔ ትንሽ ራቅ ብላ ግንዱ ላይ ተቀመጠች። እናቷ ሰፌዳቸውን ይዘው ገቡ።

ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። መንገዱን ሙሉ ስደጋግመው የመጣሁት። ጀመርኩት። እጇን አነሳች።

«እንዲህ አድርገህ ስታወራኝ ነው የሚያስፈራኝ። እንደ ተማሪዎችህ።»

ተውኩት። መኪና አለፈ። ሌላ አለፈ።

«አንድ ቦታ ነበረኝ አቤ» አለች። «አንዲት ጠባብ ክፍል፣ መስኮቷ የማይከፈት። እዚያ ስገባ ልጄ ትመጣለች። እስቃለሁ፣ እሰድብሃለሁ፣ አለቅሳለሁ፤ ስወጣ ቤት ገብቼ ሻይ ልቀዳልህ እችላለሁ። ወደ አንተ የምመለስበት መንገድ እሱ ነበር። ትንሽ ነበር የቀረኝ።»

«ቡርቱ፣ ናፍቀሽኝ ነው። ሌላ ምንም...»

«አውቃለሁ። ናፍቄህ ነው። ብትጠይቀኝ እኮ ምናልባት አልመልስልህም ነበር፤ ግን ትጠይቀኝ ነበር።» ጋቢዋን ሰበሰበች። «አሁን ለእናቴም ማውራት አቃተኝ። አፌን ስከፍት አንተ ከኋላዋ የቆምክ ይመስለኛል።»

እጄን ዘረጋሁ። አየችው፤ አልያዘችውም፣ አልገፋችውምም።

«ስወልድ ይላክብሃል። አባት ነህ፣ አልከለክልህም። እስከዚያ ግን አትምጣ። እለምንሃለሁ።»

እትዬ ወይንሸት ለመንገድ ብርቱካን በፌስታል ሰጡኝ። መኪና ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው ሰጠሁት።

ታኅሣሥ 12

ለሁለት ክፍል አስተማርኩ። ስለ ምሥጢር ጥበቃ የሚለው ምዕራፍ ደረሰ። «ራሳችሁ አንብቡት» አልኳቸው።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ጎረቤቶች ጠርተውኝ ነበር። አሞኛል አልኩ። ዛሬ ነበር የምትነግረኝ። እንዴት ትለኝ ይሆን ነበር? ከምሳ በኋላ ይሁን፣ ከቅዳሴ ስንመለስ? ቆማ ነው ተቀምጣ? እኔ ምንም ሳላውቅ ስለምሰማው እደነግጥ ነበር። «እውነትሽን ነው?» እል ነበር። ምናልባት ያኔ፣ ሳላስብበት፣ አብሬያት አለቅስ ነበር።

ጥር 14፣ ሐሙስ

ወልድያ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሰው እስኪሞላ ስጠብቅ ኣሪያምን አየኋት። ከአባቷ ሱቅ ስትወጣ። እሷም አየችኝ። ትታኝ የምታልፍ መስሎኝ ነበር፤ መጥታ በመስኮቱ በኩል ቆመች።

«እንደምን አሉ መምህር?»

«ደህና ነኝ። ትምህርቱን ተውሽው?»

«ትቼው ነበር። ደሴ ሌላ ተቆጣጣሪ አግኝተውልኛል፤ ሰኞ እጀምራለሁ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።» ከልቤ ነው። አልሄደችም። ጥፍሯን አየች።

«ከጥምቀት በፊት ውርጌሳ ሄጄ ነበር» አለች። «ይቅርታ ልጠይቃቸው። ቃሌን ስላልጠበቅኩ።»

«አንቺ እኮ...»

«ለእርሳቸው ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። ሄድኩ። ከቤቱ ጀርባ ተቀመጥን። አወሩኝ። እስኪመሽ አወሩኝ።»

መኪናው ሊሞላ ነው። አንዲት እናት ሕፃን አቅፋ አጠገቤ ገባች። መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ከፈትኩት። ላለመጠየቅ ሞከርኩ፤ ለራሴ ምዬ ነበር።

«ምን አለችሽ?»

ኣሪያም ቀና ብላ አየችኝ። ጭካኔ አልነበረባትም። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ይህን አልነግርዎትም መምህር።»

«እሺ» አልኳት። ልክ ነሽ ልላት ነበር፤ የወጣው ሌላ ሆነ። «ደህና ናት ወይ? እሱን ብቻ።»

አሰበች። አስተማሪዋ ሳለሁ እንደምታስበው፣ ቃል እየመረጠች።

«እሱንም እርሳቸውን ነው የሚጠይቁት። ሲፈቅዱልዎት።»

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። እጇን በመስኮቱ አስገብታ ክንዴን ነካችኝና ሄደች። ካስተማርኳቸው ሁሉ ጎበዟ እሷ ናት።

መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ማንም ምን ሆንክ አላለኝም፤ ሕፃን ያቀፈችው ሴት ፊቷን ወደ ሌላ አዞረችልኝ፣ እኔን ላለማሳፈር። መርሳ ስንደርስ መኪናው ወደ ውርጌሳ ስለሚቀጥል ከመቀመጫዬ መነሳት አቃተኝ። ትንሽ ብቀመጥ፣ ዝም ብል ብቻ፣ እዚያው ቡርቱካን እናት ደጅ ያደርሰኝ ነበር።

«ወራጅ አለ» አልኩ።